ፀሐይ የማይወድ መሶብ

«አንቺ ልጅ፣ ቂጥሽ አይረጋም!» አለችኝ እትዬ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ። «ሎንግ ቢች አልረጋም፣ ዳውንታውን አልረጋም። እኔ ቤት ይረጋል ማለቴ፣ እኔ ሞኟ!»

በሩ አጠገብ የተቀመጡት የታክሲ ሹፌሮች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ እውነት ነው። ሃይስኩል ከጨረስኩ ወዲህ ሎንግ ቢች መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጌያለሁ፣ ዳውንታውን መኪና ፓርክ አድርጌያለሁ፣ የነርስ ረዳት ልሆን ተመዝግቤ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ስላስቸገረኝ ጥዬ ወጥቻለሁ። ሁሉም ቦታ መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኛል። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት እነሣና እግሬ «ወደዚያ አልሄድም» ይለኛል። እትዬ ፌርፋክስ ላይ ያለው ምግብ ቤቷ ውስጥ አስተናጋጅ አድርጋ ስትቀጥረኝ እናቴን «እስከ ፋሲካ ከቆየችልኝ በግ አርዳለሁ» ብላት ነበር። ፋሲካ አለፈ። እኔ አለሁ። በጉ የለም።

የዚያን ቀን ያናደዳት፣ የበረራ አስተናጋጅ ብሆንስ ብዬ ጮክ ብዬ ማሰቤ ነው። እሷ ፊት ጮክ ብሎ ማሰብ አይቻልም። ስድቧን ገና ሳትጨርስ ደግሞ የጤና ኢንስፔክተሩ ገባ።

ረጅም፣ ጨዋ ሰውዬ ነው። ፍሪጁን አየ፣ የእጅ መታጠቢያውን አየ፣ ጣሪያውን ሳይቀር አየ፤ ሁሉም ጥሩ ነው አለ። የእትዬ ልብ መለስ ማለት ጀመረ። ከዚያ ወደ ፊተኛው ክፍል መጥቶ መሶቦቹ ጋ ቆመ። አንዱን ክዳኑን አነሣ። የእጅ ባትሪውን አውጥቶ በስፌቱ መሃል አበራበት።

«ይሄ ይታጠባል?» አለኝ።

እትዬን በአማርኛ ጠየቅኳት። «በጨርቅ እወለውለዋለሁ በይው።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ትሪ ቢቀመጥበትም ወጥ ይፈስበታል፣ ፈሰሰ ማለት ደግሞ በሣሩ መሃል ይገባል፤ ሰው የሚበላበት ነገር ሁሉ ውሃ የማያስገባ፣ የሚታጠብ መሆን አለበት አለ። ከመስቀል በኋላ ገደማ እመለሳለሁ፣ ያኔ ወይ የሚታጠብ ይሁን ወይ ከዚህ ክፍል ይነሣ አለ። ሲወጣ ደግሞ «በጣም ያምራል፣ ፎቶ ላነሣው እችላለሁ?» ብሎ አነሣው።

«ፎቶውን ይዞ ሊያለቅስለት ነው?» አለች እትዬ በሩ ሲዘጋ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እትዬ በምሳ ሰዓት ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም።

ነገሩ ከባድ የሆነው መሶቦቹ የተገዙ ስላልሆኑ ነው። እራሷ ነች የሰፋቻቸው፤ ያውም እዚሁ ሎስ አንጀለስ። ምግብ ቤቱን ከመክፈቷ በፊት ብዙ ዓመት ዳውንታውን የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። በዚያች የስልክ ሣጥን በምታህል የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ አገር ቤት ደርሶ የመጣ ሰው በሻንጣው ይዞላት በመጣው ስንደዶና አክርማ፣ መኪና በሌለ ሰዓት ትሰፋለች። ወስፌዋን ፀጉሯ ውስጥ ትሰካለች። አንዱ ደንበኛ ባርኔጣ መስሎት «ለኔም አንድ ሥሪልኝ» ብሏታል። ትልቁ መሶብ ላይ ያለው ነጭ ጥለት መስቀል የሚመስለው ሰው አለ፤ መስቀል አይደለም። አስፋልቱ ላይ የተሣሉት የመግቢያና የመውጫ ቀስቶች ናቸው። ቀኑን ሙሉ የምታየው እነሱን ስለነበረ ሰፋቻቸው። ምግብ ቤቱን ስትከፍት ያላት ዕቃ እነዚያ መሶቦች ብቻ ነበሩ፤ ድስቶቹን እንኳ ተውሳ ነው።

«ፎርማይካ ጠረጴዛ ላስገባ?» አለች። «እኔ? ታዲያ በርገር ልሽጥ በቃ!»

ጥግ ላይ ሽሮውን የሚበላ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ያያል። አማርኛ አይሰማም፤ ግን ኢንስፔክተሩ ያለውን በእንግሊዝኛ ሰምቷል። ጋሼ ጃፓን ነው የምንለው፣ ፊቱ ላይም እንደዚያው እንጠራዋለን፣ ይወደዋል። የሚመጣው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። መጀመሪያ የመጣው ረቡዕ ነበርና በያይነቱ ቀረበለት፤ ሌላ ቀን መጥቶ ጥብስ ሲያይ የተሳሳተ ቤት የገባ መስሎት ወጣ። የፍልሰታ ጾም ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደሆነ የነገርኩት ዕለት እጄን ጨብጦኛል። ጥፍሮቹ ሥር ሁልጊዜ ቡናማ ነገር አለ፤ ሹፌሮቹ መካኒክ ነው ይሉ ነበር።

ተነሥቶ ትልቁ መሶብ ጋ ሄደ። በጥፍሩ ፋቀው። አንኳኳው። አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተው።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ» አለች እትዬ፤ ይቺን ያህል እንግሊዝኛ ታውቃለች።

ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት። እትዬም ደንግጣ መልሳ እጅ ነሣችው፤ ሁለቱም አጎንብሰው ማን ቀድሞ ቀና እንደሚል ግራ ገባቸው።

ሥራው ኡሩሺ እንደሚባል ያን ቀን ነገረን። እነሱ አገር የሚበቅል ዛፍ አለ፤ ልጡን ሲያቆስሉት ወተት ያወጣል፣ ያንን ሰብስበው አጣርተው ዕቃ ይቀቡበታል። ሲጠነክር ሾርባ ቢሉት፣ የፈላ ውሃ ቢሉት አይበግረውም። አባቱ ሰፈር ቀርከሃ ጎንጉነው በዚህ የሚቀቡ ሰዎች ነበሩ፤ ቅርጫቱ ውስጥ ውሃ ቢቀመጥ አያፈስም።

«ቫርኒሽ ነዋ» አለች እትዬ። ተረጎምኩለት። ዶሮ ወጥ ላይ ኬቻፕ ጨምሩልኝ ያለች ይመስል አያት።

«አንዱን እንሞክር» አለኝ። «ግን ትከሻዬ ከዚህ በላይ አይወጣም። የመሶቡ እግር ውስጡ ባዶ ነው፣ ጥልቅ ነው፤ ከታች እጅ አስገብቶ የላይኛውን ከሥሩ መቀባት ያስፈልጋል። ረጅም ክንድ እፈልጋለሁ።» እኔን ከእግር እስከ ራስ ተመለከተኝ። ክንዴ እስከ ጉልበቴ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝንጀሮ ይሉኝ ነበር። «ይቺ ትሆናለች።»

«እሷ?» አለች እትዬ ስነግራት። «እሷማ አትረጋም በለው!»

አልኩት። «እኔ የምፈልገው ክንዷን ነው» አለ። «የቀረውን እናንተ ማስቀረት ትችላላችሁ።»

እንዲህ ሆኖ ጠዋት ጠዋት፣ ቤቱ ሳይከፈት፣ ጋሼ ጃፓን ጋ መሄድ ጀመርኩ። ከኛ በእግር ይደረሳል፤ ፒኮ የሚባለው ጎዳና ላይ፣ የመኪና መስታወት ከሚቀይሩት ጀርባ፣ ጋራዥ የነበረ ቤት ነው። ስገባ ጸሎት ቤት ይሁን ጊታር ቤት፣ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ግድግዳው ላይ እንደ መስታወት የሚያበሩ ስኬትቦርዶች ተሰቅለዋል። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጊታር፣ የሆነ ልጅ የጆሮ ማዳመጫ፣ የተሰባበሩ ስኒዎች። ጥግ ላይ ደግሞ በር ያላቸው ቁም ሣጥን የሚያካክሉ የጸሎት ሣጥኖች ተደራርበዋል፤ ውስጣቸው ወርቅማ ነው። የጃፓን ቤተሰቦች ቤታቸው ለሟቾቻቸው የሚጸልዩባቸው ናቸው አለኝ። በፊት ሥራው እነዚህን ማደስ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሞቱ፣ ልጆቹ ሣጥኑን በመኪና ጭነው መጥተው «ትፈልገዋለህ?» ይሉታል። እምቢ ማለት አይችልም። ሶ፣ ተደራረቡ።

«ታዲያ ስኬትቦርድ መቀባት አያሳፍርህም?» አልኩት። እኔ እንደዚህ ነኝ፣ ያሰብኩት ከአፌ ይወጣል።

«ለምን? የአባቴ መምህር የጎራዴ ሰገባ ነበር የሚቀባው። ጎራዴ ቀረ፣ አባቴ የሾርባ ሳህን ቀባ። ሳህኑ ፕላስቲክ ሆነ፣ እኔ የጸሎት ሣጥን ቀባሁ። ጸሎቱ ሲቀር ስኬትቦርድ መጣ። ኡሩሺው ምን ላይ እንደተቀባ አያውቅም።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከሚራክል ማይል ቢሮዎች የሚመጡ ሰዎች አሉ። የተሰበረ ስኒያቸውን በኡሩሺ አጣብቀው ስንጥቁን በወርቅ ዱቄት መሸፈን ያስተምራቸዋል። «ግማሾቹ ስኒውን ራሳቸው ሰብረውት ነው የሚመጡት» አለኝ። «አንዷ ሴትዮ ቆንጆ አልተሰበረልኝም ብላ እዚሁ ደግማ ሰበረችው።» ይህን ሲያወራ በሳቅ ዓይኑ ይጠፋል።

ከመሶቦቹ የመረጠው ባለ ቀስቱን ትልቁን ነው፤ ስፌቱ ከሁሉም ጠበቅ ያለ ስለሆነ። እትዬ ትንሿን ውሰዱ ብላ ለመነች፣ አልሰማም። የላስቲክ ጓንት አጠለቀልኝ፣ እጅጌዬን እስከ አንጓዬ አስወረደኝ። ቡናማውን ኡሩሺ በጥጥ አስነክተሽ ቀቢ አለኝ፤ ቀባሁ። አሁን ጥረጊው አለኝ፤ ጠረግሁ።

«ሁሉንም» አለ። «ምንም አልቀረም ስትዪ እንደገና ጥረጊው።»

«ሁሉንም ከጠረግነውማ ለምን ቀባነው?»

«ቸኩለሽ ስትጠይቂ ክንድሽ ቆመ። ጥረጊ።»

እንደዚያ እየቀቡ እየጠረጉ፣ በየመሃሉ እያጠነከሩ፣ እንደገና እየቀቡ ነው። ወፍራም ከተቀባ ይጨማደዳል። ስስ ስስ እያለ ነው ሣሩ የሚጠጣው። ችግሩ ማጠንከሩ ነው። ኡሩሺ የሚጠነክረው ሙቅና እርጥብ አየር ውስጥ ነው። ጋሼ ጃፓን ለዚህ የሚሆን፣ ውስጡ እርጥብ ጨርቅ የሚሰቀልበት የእንጨት ቁም ሣጥን አለው። ስኬትቦርድ ይገባል፣ ጊታር ይገባል። መሶቡን በጭንቅላቱ ሞከርን፣ በእግሩ ሞከርን፣ በጎኑ ሞከርን። አልገባም።

«የኛ ሻወር ቤት ይሆናል» አልኩት።

የኛ ሻወር ቤት መስኮት የለውም። ግድግዳው ያልበዋል። እናቴ የአፓርታማውን ባለቤት በዚህ ስትጨቃጨቀው ስንት ጊዜዋ ነው፤ ሻጋታውን ፎቶ እያነሣች ትልክለታለች። ጋሼ ጃፓን መጥቶ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። «ሎስ አንጀለስ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል አይቼ አላውቅም» አለ። ከልቡ ነው።

ማታ እናቴ ባልድዊን ሂልስ ከምትንከባከባት አሮጊት ቤት ስትመለስ መሶቡ ገንዳው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን እርጥብ ፎጣ ተሰቅሏል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የእትዬ መሶብ ነው።»

«ሻወር እየወሰደ ነው?»

«አዎ።»

«እኔስ የት ልታጠብ?»

«ታች ቤት ጠይቄልሻለሁ።»

እናቴ አየችኝ፣ መሶቡን አየች፣ ሳሙናዋን አንሥታ ወረደች። ሥራው እስኪያልቅ ታች ቤት ከሚኖሩት የሜክሲኮ ሴትዮ ጋር ወዳጅ ሆነው ቁጭ። እስከዛሬ ድረስ ልብስ ሲያጥቡ አብረው ነው።

ከዚያ ፊቴ አበጠ። አንድ ቀን ጠዋት ተነሣሁ፣ ዓይኔ አልገለጥ አለ። አንገቴ፣ ክንዴ፣ የጆሮዬ ጫፍ ሳይቀር ያሳክከኛል። ጓንቱ ተቀዶ ኖሮ አላየሁትም።

«ምች ነው!» አለች እናቴ። በረንዳ ላይ በቀለም ባልዲ ውስጥ ያሳደገችውን ዳማከሴ ቀንጥሳ፣ በመዳፏ አሽታ ፊቴን ለቀለቀችኝ። ጸበል ረጨችብኝ። «ደግሞ ዓይንም ሊሆን ይችላል፤ ያንን ክንድሽን እያወዛወዝሽ ስትሄጂ ስንቱ ያይሻል።»

እንደዚያ አረንጓዴ ሆኜ ጋሼ ጃፓን ጋ ሄድኩ። ሲያየኝ አጨበጨበ።

«ኡሩሺው አወቀሽ!» አለ። ሁሉንም ሰው መጀመሪያ ላይ እንደዚህ ያደርገዋል፤ እያደር ይለመዳል። «ዛፉ ሰላም እያለሽ ነው።»

«ሰላምታው ይቅርብኝ።»

ፊቴ ላይ ያለውን ቅጠል አሸተተና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። በማግስቱ አንድ ዘለላ አመጣሁለት፤ የሥራ ጠረጴዛው ላይ በውሃ አስቀምጦ እጁን ሲያሳክከው ያሽበታል። ይሥራ አይሥራ እንጃ፣ ሽታውን ግን ወዶታል።

እትዬ ደግሞ በየቀኑ «የታለ? ደረቀ?» ነው። ገና ነው እላታለሁ። አዲስ ዓመት መጣ፣ አለፈ፣ መስቀል ሊደርስ ነው፣ ኢንስፔክተሩ የሚመጣበት ጊዜ ቀረበ። አንድ ቅዳሜ፣ ጋሼ ጃፓን ባለ ስኒዎቹን እያስተማረ፣ እኔ ገበያ ሄጄ፣ እትዬ ቤታችን መጣች። እናቴ ከፈተችላት። ሁለቱ ሻወር ቤት ገብተው መሶቡን አዩት።

ቀስቶቹ የሉም። ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ነጩ፣ ሁሉም ቡናማ ጭጋግ ውስጥ ገብቷል። እትዬ በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ ተጣበቀ። የመጨረሻው ቅብ ገና መያዝ መጀመሩ ነበር።

«እህ! ሻወር ቤት ተቀምጦ እንዴት ይድረቅ?» አለች። «ይቺ ልጅ ጭንቅላት የላትም እንዴ?»

«እኔም ብያለሁ» አለች እናቴ። «ፀሐይ ያላየ ነገር መቼ ይደርቃል?»

ተጋግዘው በእትዬ መኪና ጫኑት። ከምግብ ቤቱ ጀርባ፣ መኪና የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ የወተት ሣጥን ደርድረው አናቱ ላይ አሰጡት። የዚያን ቀን ደግሞ ያ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ነበረ፤ ከንፈር የሚሰነጥቀው። እትዬ በየመሃሉ እየወጣች እንደ ዘንጋዳ ታገላብጠዋለች።

እኔ ስደርስ ሁለቱ በኩራት ቆመዋል። መሶቡ ላይ አቧራ ተለጥፏል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተለጥፏል፣ አንድ የእርግብ ላባ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ነካሁት። እንደ ማር ነው።

«ነገ ይደርቃል» አለች እትዬ። ድምፅዋ ግን እሷም እንዳላመነችው ያስታውቃል።

ጋሼ ጃፓን ጋ ደወልኩ። ባለ ስኒዎቹን ጥሎ በእግሩ እየሮጠ መጣ፤ የጫማው ክር አልታሰረም። መሶቡን ዞረው። ላባውን በሁለት ጣቱ ነቅሎ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየው። አለቀሰ ስል፣ ሳቀ። ሣጥኑ ላይ ቁጭ እስኪል ሳቀ።

«ማን ነው?»

እትዬ እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። እናቴ የእትዬን ክንድ ታክካ የራሷንም ግማሽ አወጣች።

«ልብስ ውሃውን ሲያጣ ይደርቃል» አለ፣ እኔ እየተረጎምኩ። «ይሄ ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ካላገኘ አይጠነክርም። ደረቅ ፀሐይ ላይ ብታቆዩት እንደዚሁ እየተጣበቀ ይከርማል።»

«ውሃ አጠጥቶ ማድረቅ!» አለች እትዬ። «የት ተሰምቶ ያውቃል? ኸረ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በይ ይቅርታ በይልኝ። አበላሸሁት? ቀስቶቼን አጠፋኋቸው?»

ገና ያልጠነከረው ኡሩሺ በምግብ ዘይት ይለቃል አለ። እትዬ ሮጣ ገብታ የኑግ ዘይቷን አመጣች፤ ለራሷ ብቻ የምታስቀምጠውን። አራታችንም ጨርቅ ይዘን፣ ጓንት አጥልቀን፣ የተለጠፈውን እያለዘብን ጠረግነው። እትዬ ስትጠርግ ድንገት ቆመች።

«ይቺን አያችሁ? እዚች ጋ አንድ ስፌት ዘልያለሁ። አንዱ ባለ ቀይ መኪና ጡሩንባ ነፍቶብኝ ነው።» ጣቷን አስነካችኝ። እውነትም ጎርበጥ ይላል። «ስድብ ሰደብኩትና ትኬቱን ሰጠሁት። በአማርኛ ነው፣ አመስግኖኝ ሄደ።»

ጋሼ ጃፓን ምን አለች አለኝ። ነገርኩት። እሱም በጣቱ ፈልጎ አገኛት፤ «እቺ ትቆይ፣ እንዳትሞሏት» አለ።

ዘይቱ በአልኮል ተጠርጎ እስኪጸዳ፣ እንደገና ቅብ እስኪጀመር መስቀል ደረሰ። የቀረን ጊዜ አጭር ስለሆነ መሶቡን ለብቻው መተው አይሆንም፤ ነፋሱ ገና አልቆመም፣ ፎጣው ቶሎ ቶሎ ይደርቃል። ሶ፣ ሻወር ቤት ከሱ ጋር ተቀመጥኩ። የመጸዳጃውን ክዳን ዘግቼ፣ ስልኬን ሰክቼ። ፎጣው ሲደርቅ አርሳለሁ፣ ሙቅ ውሃውን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እናቴ ከበሩ ውጭ «አለሽ?» ትለኛለች፤ «አለሁ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እውነት አለሽ?»

ጋሼ ጃፓን አንድ ነገር አሳየኝ። ሲጠጉት አፍ ከፍቶ ሃ ብሎ መተንፈስ ነው። ገና ከሆነ እስትንፋስሽ ዝም ብሎ ይጠፋል። መያዝ ሲጀምር ግን፣ እንደ ዘይት ያለበት ኩሬ፣ ሰማያዊ ሆኖ ብልጭ ይልና ይሄዳል። የመጀመሪያ ሰማያዊዬን ሳይ ጮኼ እናቴን ጠራኋት። እሷም መጥታ ሃ አለች። ከዚያ ወዲያ ሥራ ስትሄድም ስትመለስም ሃ ሳትል አታልፍም፤ ታች ቤት ያሉትን ሴትዮም አምጥታ ሃ አስብላለች።

መሶቡን ወደ ቦታው ስንመልሰው እትዬ ዞረችው። ጠቁሯል፣ ያበራል፤ እንደ ዳማ ፈረስ። ቀስቶቹ በጎን በኩል በብርሃን ካላዩዋቸው አይታዩም።

«ቀስቶቼስ?»

«ይመጣሉ» አለ ጋሼ ጃፓን። «ኡሩሺ እያረጀ ሲሄድ ይጠራል። ቀለሙ ከሥር ይወጣል።»

«መቼ?»

«ቀስ እያለ።»

«እኔ አርጅቼ ሳልጨርስ ይድረስ በይው።»

ኢንስፔክተሩ የመጣው ረቡዕ ነው። ጋሼ ጃፓን ጥጉ ላይ ነበር፤ ሽሮው ቀርቦለት አልነካውም። ሰውዬው በሩን አልፎ ገና «እንዴት ዋላችሁ» ሳይል እትዬ ከማድ ቤት ብቅ አለች። በእጇ ጭልፋ ሙሉ ምስር ወጥ ይዛለች። ትልቁ መሶብ ላይ ገለበጠችው። ትሪ የለ፣ እንጀራ የለ፣ ባዶው ላይ።

እኔ ጮህኩ። ጋሼ ጃፓን ብድግ አለ።

«ሂድና ማድ ቤቱን እይ በይው» አለችኝ እትዬ፣ ፊቷ እንደ ድንጋይ። «ሲመለስ እናጥበዋለን።»

ሰውዬው ማድ ቤቱን አየ። እኔ መሶቡን አየሁ። ቀዩ ዘይት በስፌቱ ሸንተረር ላይ ተጋድሟል፤ እትዬ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ደብቃለች። ሹፌሮቹ ወንበራቸውን ወደ መሶቡ አዙረዋል። ሲመለስ እትዬ ወጡን በማንኪያ አነሣች፣ ሳሙና ባለው ውሃ አጠበችው፣ አዲስ ነጭ ፎጣ አውጥታ ጠረገችው፣ ፎጣውን ዘርግታ አሳየችው። የሳሙና ውሃ ነው እንጂ ቀይ የለበትም። ኢንስፔክተሩ ባትሪውን አውጥቶ በስፌቱ መሃል አበራ። ጠብታ ውሃ አንጠባጠበበት፤ እንደ ጨሌ ተንከባለለች። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ፣ የእኔ ክንድ የገባበትን ሁሉ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ዛፍ ነው» አለ ጋሼ ጃፓን ከጥጉ።

ሰውዬው ባትሪውን ኪሱ ከተተ። ይሄኛው መቀመጥ ይችላል አለ። ሌሎቹም እንደዚህ እስኪሆኑ ይነሡ፤ ሲሆኑ ይመለሱ። ሲወጣ «አንድ ፎቶ ልድገም?» አለ።

«አሁንማ ያንሣ!» አለች እትዬ። «እኔንም ጨምሮ ያንሣ!»

ሹፌሮቹ እልል አሉ፤ ወንድ እልል ሲል ያምርበታል ወይ፣ አያምርበትም፣ ግን አሉ። ጋሼ ጃፓን ሽሮውን ቀዝቅዞም በላው። እስከ ማታ ወሬው ጎዳናውን አዳርሶ ኖሮ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ባለ ምግብ ቤት ነጠላዋን ደርባ መጥታ መሶቡን በጥፍሯ ፍቃ አይታ «እኔም እኮ አሉኝ» አለች።

ጋሼ ጃፓን በሳምንቱ የጸሎት ሣጥኖቹን ወደ አንድ ግድግዳ አሰለፋቸው። በተረፈው ቦታ ሰው ቆሞ የሚገባበት የእርጥበት ክፍል ሠራን፣ እሱ እየለካ እኔ እየቸነከርኩ። እናቴ ሻወሯን አገኘች፤ ታች ቤት መውረዱን ግን አልተወችም። ክፍሉ ሲያልቅ ገብቶ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈና «የእናትሽን አያህልም» አለ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ብቻ አይበቃም፣ ክንድሽን ሙሉ ቀን እፈልገዋለሁ አለኝ።

ለእትዬ የነገርኳት ትልቁ መሶብ አጠገብ ቆማ ነው። የቀስቱን ጫፍ እያየች ነበር። አንዷ ቀስት፣ የመውጫዋ፣ ትንሽ ነጣ ማለት ጀምራለች ትላለች፤ ለእኔ አልታየኝም።

«ብዬ አልነበር» አለች። «አይረጋም ብዬ አልነበር?»

«ብለሻል።»

«ምሳ ሰዓት ላይ ማን ሊያስተናግድልኝ ነው?»

«የታች ቤቷ ሴትዮ ልጅ ሥራ ትፈልጋለች። ሽሮ ትወዳለች።»

«እህ።» ፊቷን አዞረች። «አንቺም ደህና ጊዜ ቆይተሻል። ከፋሲካም አለፍሽ።»

«በጉስ?»

«ሁሉም መሶቤ ሲመለስ። ያኔ እናርዳለን። ለጋሼ ግን ሽሮ።»

ሽርጤን አውልቄ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ። ሁለተኛውን መሶብ፣ ትንሿን፣ በፎጣ ጠቅልዬ አቀፍኳት። ክንዴ ዙሪያዋን ደረሰ። በሩን በእግሬ ስገፋው እትዬ ከኋላዬ ጮኸች።

«አንቺ! ፀሐይ እንዳታስነኪብኝ!»

«እትዬ፣ ገና እኮ አልተቀባችም!»

«ቢሆንም!»

ወደ ጥላው ተሻግሬ ወደ ፒኮ ወረድኩ።